ጥላ ማረፊያ ሲያገኝ

ታኅሣሥ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ግንድ እስከ ኩሽናው ምሰሶ በተወጠረው ገመድ ላይ እናቴ ያጠበችው ጋቢ ተሰጥቷል። ፀሐይ ከአማሮ ተራሮች ጀርባ ብቅ ብላ፣ የጎረቤታችንን ቆርቆሮ ጣሪያ ተሻግራ ጋቢው ላይ ስታርፍ የሽፈራው ቅጠል ጥላ ይዘራበታል። ደቃቅ ነው፤ ጤፍ የበተኑበት ይመስላል። ነፋስ ሲመጣ ጋቢውም ጥላውም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። እኔ ስልኬን ይዤ በቀሚሴ ላይ ፎጣ ደርቤ ቆሜያለሁ። እናቴ በኩሽናው በር አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ከልብስ ማድረቂያ ገመድ ፊት የሚቆም ጎልማሳ ሰው ጤንነት እንደሚያጠራጥራት ከፊቷ ይነበባል።

ይህን ልማድ ያስያዘችኝ እህቴ ናት። ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር፣ ከምትኖርበት ከሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ከቤቷ ጓሮ፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ላይ የተጋደመ የአንድ ራቁት ዛፍ ጥላ ነው። ጫፍ ላይ ያለችው ቀጭን ጭራሮ እንኳ አልቀረችም። የገረመኝ ግን ቀለሙ ነው፤ ጥላው ጥቁር አልነበረም፣ ሰማያዊ ነበር። «ቀለም ጨምረሽበት ነው?» ብዬ ጻፍኩላት። «ኧረ እንዲያው ነው። እስኪ ደግሞ የአንቺን ላኪ» አለችኝ።

የእኔን ከየት አምጥቼ? አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። እዚህ በረዶ የሚባለው ቢወርድ ቆርቆሮውን ደብድቦ፣ የሙዙን ቅጠል ተልትሎ፣ ሻይ ሳይፈላ ውኃ ሆኖ የሚሄደው ነው። አማርኛችን ይህንንም፣ የእህቴን ጓሮ የሸፈነውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚጋገረውንም ያው በረዶ ይለዋል። በስልክ ስናወራ ክረምትም እንዲሁ ያምታታናል። የእሷ ክረምት የእኔ በጋ ነው። «ክረምቱ እንዴት ይዞሻል?» ስትለኝ እኔ አቧራ እየጠረግሁ ነው።

አገሩ በረዶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ከቆመ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ንጉሡ ዘመቻዎቹን ሲዘረዝር፣ ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ በረዶ ያለበትን የሰሜን ተራሮችን ሕዝብ ይጠቅሳል። ራስ ዳሽን ዛሬም አልፎ አልፎ ነጭ ይለብሳል። ግን ሰሜን ተራሮች ለእኔ ከሚኒያፖሊስ ብዙም አይቀርቡኝም። በቤቴ ያለኝ ነጭ ጋቢ ነው።

የመጀመሪያው ፎቶዬ አስቀያሚ ነበር። ጋቢው አመድ መሰለ፤ የቅጠሉ ጥላ ደግሞ እድፍ። እናቴ አይታው «ምነው፣ አልጠራም እንዴ? ሁለት ጊዜ እኮ ነው በኦሞ ያጠብኩት» አለች፤ ተቀይማለች። ጥፋቱ የእሷም የኦሞውም አልነበረም። ካሜራ፣ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሲካፈል መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ነው ሥራውን የሚጀምረው። አፈሩ፣ ዛፉ፣ ሰዉ ሲደባለቅ ግምቱ ይሠራል። ክፈፉን ሙሉ በነጭ ስትሞላው ግን «ብርሃን በዛ» ብሎ ይደነግጥና ነጩን ጎትቶ ግራጫ ያደርገዋል። በረዶ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ካሜራው ካለው ላይ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይጨምራሉ። በስልክ ቀላል ነው፤ ጋቢውን በጣት ተጭኖ መያዝ፣ ትንሿ የፀሐይ ምልክት ስትመጣ ወደ ላይ ገፋ ማድረግ። ልኩን ካለፉት ግን ድርና ማጉ ጠፍቶ ጋቢው ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ጥላውም አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። የክሩ እባጭ፣ የፈታይዋ እጅ የሳተበት ቦታ ሳይቀር መታየት አለበት። እኔ ይህን ልክ ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ሰማያዊው ነገርስ? እሱም ጋቢው ላይ አለ። ጥላ ውስጥ ፀሐይ ባትኖርም ሰማይ አለ፤ የጠራ የታኅሣሥ ሰማይ ከላይ ሆኖ ያበራዋል፣ ያ ብርሃን ደግሞ ሰማያዊ ነው። ዓይናችን ነጭን ነጭ ብሎ ማየት ስለለመደ ያርመዋል፤ ካሜራ ግን ያን ያህል ይሉኝታ የለውም። እህቴ ፎቶ ላይ ያየሁት ይኸው ነው። የእኔ ጋቢ ግን የእሷ በረዶ የሌለው አንድ ነገር አለው፤ ወደ መሬት በተጠጋ ቁጥር ጥላው ይቀላል። የግቢያችን ቀይ አፈር ፀሐይዋን ተቀብሎ ወደ ላይ ይመልሳታላ። ስለዚህ ከላይ ሰማያዊ ሆኖ የጀመረው የቅርንጫፍ ጥላ ጥለቱ ጋ ሲደርስ የበሰለ ፓፓያ ቀለም ይነካካዋል። የኦሞው ጣጣም አለ። የዱቄት ሳሙና ልብስ ማንጫ ቅመም ለዓይን የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወስዶ ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይተፋል። በኦሞ የታጠበው ጋቢና ገና ከሸማኔ የመጣው ጎን ለጎን ሲሰጡ፣ አዲሱ እርጎ ነው፤ የታጠበው ደግሞ እህቴ ጓሮ ያለውን ይመስላል።

ታዲያ ችኮላው ለምንድን ነው፣ በ1 ሰዓት መቆሙ? ፀሐያችን አትጠብቅማ። ሚኒያፖሊስ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ትውላለች። 1 ሜትር የቆመ ዘንግ በቀትር ሁለት ሜትር ተኩል ጥላ ይጥላል። አርባ ምንጭ ላይ ያቺው ፀሐይ በዚያው ቀን 60 ዲግሪ ትደርሳለች። እንደ እህቴ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትቆየው ከወጣች በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከ2 ሰዓት ከሩብ በኋላ ጥላው እያጠረ፣ እየወፈረ፣ ባለቤቱ እግር ሥር ይሸሸጋል። ማታማ የባሰ ነው። የጋሞ ደጋ በምዕራብ ግድግዳ ሆኖ ስለቆመ፣ ረጅሙ ጥላ ሳይመጣ የተራራው ጥላ ከተማውን ይውጠዋል።

አያቶቻችን ሰዓት ሳይኖራቸው ጥላቸውን በጫማ ይለኩ ነበር። ቀጥ ብሎ መቆም፣ የራስ ጥላ ጫፍ ያረፈበትን ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገናኙ መቁጠር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጾም መፍቻና የቅዳሴ ሰዓት የሚታወቀው በዚህ ነበር፤ በየወሩ ስንት ጫማ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥም በብራና ተጽፎ አለ። እኔም ሞከርኩት። በታኅሣሥ ቀትር፣ በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥላዬ አራት ጫማ አይሞላም፤ ጫፉም ወደ ሰሜን ያመለክታል። እህቴ በበኩሏ በረዶ ላይ እየተንሸራተተች 16 ጫማ ቆጠረች። በሰኔ ደግሞ የእኔው ጥላ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በመካከል፣ መጋቢት 27 እና ጳጉሜን 2 አካባቢ፣ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ታልፋለች፤ ያን ቀትር የቆመ ዘንግ ጥላ የለውም።

ሰው ያለበት ፎቶ ያማረኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጎረቤታችን እማማ በጠዋት ፀሐይ ሊሞቁ አጥራችን ሥር ይቀመጣሉ። አገራቸው መንዝ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው እዚሁ ቀርተዋል። ጋቢው ላይ በርጩማቸው፣ ምርኩዛቸው፣ የሻሻቸው ቋጠሮ ጥርት ብሎ አረፈ። እንዲህ ዓይነት ጥላ በየቀኑ አይገኝም።

«እማማ፣ ጥላዎትን ላንሣው?»

«ምኔን?»

«ጥላዎትን። ፊትዎ አይታይም፣ አይዞዎት።»

«ፊቴንማ አንሺው» አሉ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። «ፊቴ መታወቂያዬም ላይ አለ። ጥላዬን ግን ተዪው።»

ለሰው ክብር የተጠነቀቅሁ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩን የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የአማርኛ ጥላ ቀላል ነገር አይደለማ። ሞገስ ያጣ ሰው ጥላ ቢስ ይባላል። ግርማው የሚያስፈራ ሰው ጥላው ይከብዳል። ንጉሥ ሲወጣ የሚያዝለት ጃን ጥላ፣ ዛሬ ከገበያ በርካሽ የምንገዛው ዣንጥላ ሆኗል። ጥላ ወጊም አለ፤ ሰውየውን ሳይነካ መሬት ላይ ያረፈውን ጥላውን በመውጋት ያሳምማል የሚባል። እማማ በልጅነታቸው መንገድ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ሲተላለፉ ጥላቸውን ሰብሰብ እንዲያደርጉ ተመክረው ነው ያደጉት። እኔ ደግሞ ስልክ ይዤ መጥቼ ጥላቸውን አንሥቼ ልሄድ ነው። ‹ማንሣት› የሚለው ቃላችን ራሱ ለእኔ አላገዘም።

ፎቶግራፍ ሲወለድ የነበሩ ሰዎችም ነገሩን እንዲሁ ነበር የሚያዩት። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ግኝቱን እ.ኤ.አ. በጥር 1839 ለሕዝብ ሲያስታውቅ፣ የሚናገረው ጥላን ይዞ ስለማስቀረት ጥበብ ነበር። ጨው የጠጣና በብር ውሕድ የተቀባ ወረቀት ላይ ቅጠል ወይም ዳንቴል አስቀምጦ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ፀሐይ የነካችው ይጠቁራል፤ ቅጠሉ የጋረደው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጥላው ነጭ፣ ብርሃኑ ጥቁር። ኔጌቲቭ ብለን የምናውቀው ነገር ከዚያ መጣ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ወደ እኛ አገር ፎቶ ሲገባ ጥላ እንግዳ ተቀባይ አላገኘም። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንም፣ በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም፣ ሥራቸው ባለማዕርጉን ከነግርማው ማሳየት ነበር። ፎቶ ቤት ማለት ጥላ የሚባረርበት ክፍል ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለማመልከቻ ያስገባሁት ጉርድ ፎቶ ከጆሮዬ ጀርባ ቀጭን ጥላ አለበት ተብሎ ተመልሶብኛል። ዋናውን ጉዳይ ሳያዩት!

ጥላን ወደ መድረክ ያወጣልን የአዲስ አበባው ግርማ በርታ ነው። በስልኩ የመንገድ ሰው ያነሣል፤ ሊስትሮ፣ ተሸካሚ፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናት። ከዚያ አካባቢውን ሁሉ ቆርጦ ይጥልና ሰውዬውንና ጥላውን ብቻ ወጥ በሆነ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸዋል። «ተንቀሳቃሽ ጥላዎች» የተባለው ይህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን የገንዘብ ሽልማት አስገኝቶለታል። ፎቶዎቹን ደጋግሜ ባየኋቸው ቁጥር አንድ ነገር ይገባኛል። እሱ መሬቱን አጥፍቶ ጥላውን ያድናል። እኔ ግን ያለ መሬቱ ጥላውን ምን አደርገዋለሁ? የሽፈራው ጥላ አስፋልት ላይም ይወድቃል፣ ማንም አያየውም። ማረፊያው ነው የሚያሳየው። በረዶ ከሰማይ ይወርዳል፤ በእኛ ዘንድ ግን ነጩን የሚያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፣ ያውም አድካሚ በሆነ ሥራ።

አንድ ቅዳሜ ነጭ ሳር ሄድኩ። ስሙ አታሎኝ ነው። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቋመ፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ስሙንም ያገኘው በበጋ ከሚነጣው ሜዳው ነው። ጥላ በጥላ ይሆንልኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነም። ሣሩ ከሩቅ ነጭ ነው፣ ሲጠጉት ግን እያንዳንዱ ዘለላ የራሱን ጥላ ስለሚጥል ሌላው ተቆራርጦ ይጠፋል። ትርፌ አንድ ነገር ማየት ሆነ፤ የሜዳ አህያ ጥላ መስመር የለውም። ተራ አህያ ነው።

ከዚያ ወደ ዶርዜ ወጣሁ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ከ1,300 ሜትር በላይ ያስወጣል። ከታች ሙዝና ማንጎ፣ ከላይ እንሰት፣ ቀርከሃና ገብስ። መኪናው ውስጥ ጋቢ መልበስ የሚጀመርበት ኩርባ አለ። ዞር ብለው ሲያዩ አባያ ቡናማ ሆኖ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ ተጋድሞ ይታያል።

ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የእንሰት ቅጠል የሚለብሰው የዶርዜ ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ፊት ለፊት የወጣው በረንዳ ኩምቢው፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖቹ ናቸው። አዲሱ ቤት እስከ 12 ሜትር ይቆማል፤ ከዚያ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የአንድ ቤት ዕድሜ በጥላው ርዝመት ይታወቃል ማለት ይቻላል። ግን ጥላው የሚያርፈው አረንጓዴ ሣር ላይ ነው፤ ፎቶው ላይ ከጨለማ የዘለለ ነገር አልወጣልኝም።

የፈለግሁትን ያገኘሁት ጋሼ የምላቸው አንድ ሸማኔ ዘመዴ ጓሮ ነው። እዚህ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ጋሼ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳሉ። ሲያድጉ ከወንድሞቻቸው ጋር አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወርደው ሲሸምኑ ኖረው ተመልሰዋል። ከቤቱ ጎን ሥራው ያለቀ ነጠላ ተሰጥቷል። ነጠላ እንደ ጋቢ አራት ድርብ አይደለም፤ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። የጋሼ ባለቤት ከነጠላው ጀርባ፣ በፀሐይዋ በኩል ተቀምጠው እንዝርት ያሾራሉ። ከእኔ በኩል የሚታየው ጥላቸው ብቻ ነው፤ እጃቸው ወደ ላይ ይረዝማል፣ ክሩ ይወጠራል፣ እንዝርቱ ይወርዳል። ነጠላውን ሲጠጉ ጥላው ይሰላል፤ ሲርቁ ጠርዙ ይደበዝዛል። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የምትሰፋ ክብ ናትና፣ ነገሩ ከማረፊያው 1 ሜትር ሲርቅ የጥላው ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሟሟል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ የሰይጣን ቤት ብሎ የሰየመው ሕዝብ የደነገጠው በዚህ ዓይነቱ ነገር ነበር፤ ጨርቅ ላይ የሚሠራ ሰው፣ ሰውዬው ግን የለም።

የእማማ ነገር ትዝ ብሎኝ ፎቶውን ከማንሣቴ በፊት ጠየቅሁ። ከነጠላው ጀርባ ሳቅ ተሰማ። «ነጠላውን ሳትገዢው?»

ገዛሁት።

እዚያው አደርኩ። ያደርኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እማማ ያን ቀን ጥላቸውን ከከለከሉኝ በኋላ አዝነውልኝ መሰለኝ፣ «ጥላ የምትፈልጊ ከሆነ አመዳይ ነው ማየት» ብለውኝ ነበር። «መንዝ ላይ በታኅሣሥ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ፀሐይ ስትወጣ ሌላው ሁሉ ይረግፋል፤ የጎተራው ጥላ ያረፈበት ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልክ እንደ ጎተራው። እኛ ልጆች እያለን በጣታችን ጫፍ ጫፉን እንነካካው ነበር።»

ደመና በሌለበት፣ ነፋስ በማይንቀሳቀስበት የደጋ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳው ይወርድና ይተኛል። ሰው ራስ ላይ ያለው አየር ገና ሳይበርድ፣ እግር ሥር ያለው ሣር ከዜሮ በታች ይሆናል። ገበሬ ይህን ሌሊት አይወደውም። ውርጭ ለጋ ገብስ ያደርቃል፣ የእንሰት ቅጠልም እሳት እንደላሰው ቡናማ ያደርጋል። ጋሼ ማታ ሰማዩን አይተው «ዛሬ ይጥላል» ሲሉ ደስታዬን መደበቅ ነበረብኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቡሉኮ ተከናንቤ ከቤታቸው ዝቅ ብሎ ወዳለው የግጦሽ ሜዳ ወረድኩ። ነጭ ነበር። እንደ እህቴ ጓሮ ወፍራም አይደለም፤ ዱቄት የነሰነሱበት ያህል ነው። ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ፀሐይዋ ከሸንተረሩ በላይ ስትወጣ የቀርከሃው አጥር ጥላ ሜዳው ላይ ተዘረጋ፤ መጀመሪያ እንደማንኛውም ጥላ ሰማያዊ ነበር። ነጭ መሬት፣ ሰማያዊ ጥላ። ለእህቴ የምልከው ይኸው ነው ብዬ አነሣሁት።

ስልኬን ኪሴ ልከት ስል ነው የተገለበጠው። ፀሐይ የነካችው ሣር መንጠባጠብ፣ መጥቆር፣ መለምለም ጀመረ። ጥላው ውስጥ ያለው አልተነካም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ አጥሩ በነጭ ተሥሎበት ቀረ፤ እያንዳንዱ ቋሚ፣ እያንዳንዱ ክፍተት። የታልቦት ወረቀት ነው፣ ያለ ብር፣ ያለ ጨው። ደግሞም አይቆይም። ፀሐይዋ ስትንቀሳቀስ ጥላው አመዳዩን ትቶት ፈቀቅ ይላል፤ የተተወው ነጭ ፀሐይ ላይ ይወድቅና ይሟሟል።

ስንት እንዳነሣሁ አላውቅም። ከብት ሊያወጡ የመጡ ሁለት ልጆች ከኋላዬ ሆነው ሲስቁ ነው ቀና ያልኩት። አንደኛው በጣቱ ወደ መሬት አመለከተኝ። ቆሜ በቆየሁበት፣ ከእግሬ ሥር ጀምሮ ሜዳው ላይ አንድ ቀጭን ነጭ ሰው ተጋድሟል፤ ቡሉኮ የለበሰ፣ አንድ ክንዱ ፊቱ ላይ የታጠፈ። ላነሣው ስልኬን ሳስተካክል ከቦታዬ ትንሽ ተንቀሳቀስኩ። ልጁ «ቁሚ! ቁሚ!» እያለ ጮኸ፤ እኔም ደርቄ ቆምኩ።